ስልሳኛው ጥያቄ

ሥራዬን ስለቅ ያስረከብኩት ንብረት ብዙ አልነበረም፤ የአዳራሹ ቁልፍ፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሁለት የተማሪዎች መዝገብና አንድ ካርቶን የማስተማሪያ ካርድ። ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ተረካቢ ካርዶቹን እያገላበጠ ካየ በኋላ ሥዕሎቻቸው ለምን እንደተላጡ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ የቀረው የደረቀ ሙጫና የደበዘዘ ፊደል ብቻ ነበር። «እርጥበት አበላሽቷቸው ነው» አልኩት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ስለ እርጥበት ማውራቴ ሳያስገርመው አልቀረም፤ ላቡን እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝና ቅጹ ላይ «በከፊል የተበላሸ» ብሎ ጻፈ። ተፈራረምን። ይህን የምጽፈው ያን ቀን የሰጠሁትን መልስ ለማረም ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሰው አይደለሁም። ሥራው ላይ የቆየሁት ሰባት ዓመት ነው፤ አሁን አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ወደ ማስተማር እንደማልመለስ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ያ ሥራ ለእኔ አልቋል፤ ያለቀ ሥራ ደግሞ እንዳለቀ ሆኖ መጻፍ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ትምህርት የተመረቅሁት ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ በደሴ መንገድ ላይ ላሉት ጥቂት ምእመናን ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ይፈለግ ነበር። ደመወዙ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያንሳል። እኔ ያመለከትኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ሰባ ተማሪ ፊት ቆሞ መናገር ያስፈራኝ ነበር። በሸዋ ሮቢት ያሉት ልጆች አሥራ ስምንት ብቻ እንደሆኑ ሲነግሩኝ እፎይ አልኩ።

ዋሻውን አልፈን ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሌላ የማወልቀው ነገር አልነበረኝም። ጸሎት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የትምባሆ እርሻው ሠራተኞች በሚኖሩበት መንደር ጥግ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ይፋት የኦርቶዶክስና የሙስሊም አገር ነው፤ እኛ በጣት የምንቆጠር ነበርን። እርሻው ሲስፋፋ ከወደ አዲግራት የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ፤ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡም አሉ። ካህን ከአዲስ አበባ በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ በመቋሚያቸው ተደግፈው በግዕዝ ይመልሳሉ፤ ልጆቻቸው ቅዳሴውን በአማርኛ ይከተላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በኋላ በኪቦርድ የሚዘመረውን መዝሙር ይጠብቃሉ። ሦስቱ እርስ በርስ አይጣሉም ነበር። አንዱ ሲጸልይ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ በጀውሃ በኩል አጣዬ ሄጄ የአራት ቤተሰብ ልጆችን አስተምር ነበር። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። የማስታውሰው ዋናው ነገር የሆነው ሸዋ ሮቢት ነው።

ሥራውን የተረከብኩት ከጋሼ ተክላይ ነው። ጋሼ ተክላይ በወጣትነታቸው ከአዲግራት አካባቢ መጥተው በእርሻው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ አስተምረዋል። እርሳሳቸውን በክር አስረው ከኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ያንጠለጥላሉ፤ የግምጃ ቤት ልማድ ነው። ሲያስተምሩ አይጮሁም። አንድ ልጅ ሲሳሳት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ልጁ ራሱን እስኪያርም ይጠብቃሉ። አንዴ እንዲህ ለምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። «የሚሳሳት ሰው ሲታይ ይብስበታል» አሉኝ።

መጽሐፋቸው ራሳቸው ያዘጋጁት ነው። በልጅነታቸው የተማሩትን በራሳቸው አነጋገር አሳጥረው፣ እርሻው ጽሕፈት ቤት ውስጥ በስቴንስል አባዝተውታል። በአንድ ገጹ ብቻ የታተመ፣ ወፍራም ወረቀት ነው። ስልሳ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሉበት። የመጀመሪያው «ዛሬ ጠዋት ማን አነቃሽ?» ይላል። መልሱ «የማያንቀላፋው» ነው።

አንድ ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስደነገጠኝ። ልጆቹ መልሶቹን በሙሉ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ጥያቄዎቹን ግን አያውቁም። ጋሼ ተክላይ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት መልሱን ብቻ ነበር። ቁጥር ይጠራሉ፤ «ሰባት» ሲሉ ልጆቹ ሰባተኛውን መልስ ይላሉ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርት ዘዴ የተማርኩ ሰው፣ ይህን ሳይ በመጀመሪያው ወርኃዊ ሪፖርቴ ላይ «ተማሪዎች መልሱን እንጂ ጥያቄውን አያውቁም» ብዬ ጉድለት በሚለው ስር ጻፍኩ። ጉድለቱን ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ተክላይ ሁለት ወር አብረውኝ ቆዩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር አገራቸው ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነበር። አመሻሽ ላይ በመንደሩ ውስጥ ይዞራሉ፤ አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ወደ ቤት አይገቡም። አጥር ጥግ ይቆሙና ያዳምጣሉ። ከዚያ አንዴ ይስላሉ፤ ወይም ሳይስሉ ያልፋሉ። እኔ የሕመም ሳል መስሎኝ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከነመጽሐፎቹ ሰጡኝና እንዲህ አሉኝ፤

«ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ቤት ነው ያለው። እየገባሽ ስሚ እሺ?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አልገባሁም። የሰው ቤት መግባት ለእኔ ከባድ ነው። አንዴ ገብቼ ነበር፤ አዲስ ሰሐን አውጥተው፣ ሁለት ጊዜ ጨምረውልኝ፣ ሁሉም እኔ ስበላ እያዩኝ ላብ በላብ ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ «ሪፖርት አለብኝ» ማለት ተማርኩ። እውነትም ሪፖርት ነበረብኝ። ቅጹ የወንድ፣ የሴትና የድምር ዓምድ ነበረው። ለእናቶች የሚሆን ዓምድ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሥልጠና ተጠራን። አዲሱ ዘዴ በቃል መያዝን ይቀንሳል፤ ከልጁ ሕይወት ይነሣል፤ በሥዕልና በውይይት ያስተምራል። በጣም ወደድኩት። አሁንም ስሕተት ነበር አልልም። ሥዕሎቹን ከአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ቆርጬ አዘጋጀሁ፤ ግን ስስ ስለነበሩ የሚለጠፉበት ወፍራም ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ሣጥኑ ውስጥ ሃያ ያህል የጋሼ ተክላይ መጽሐፍ ነበር። ማንም አይጠቀምበትም ብዬ ስፌቱን ፈትቼ ገጾቹን በመቀስ እኩል ቆረጥኳቸው። ልጆቹን እንዳያዘናጋቸው ሥዕሉን የለጠፍኩት በታተመው ገጽ ላይ ነው። በባዶው ጀርባ ላይ የመወያያ ሐሳብ ጻፍኩ። ሥራው ንጹሕ ነበር። የተረፉትን ገጾችና ቅጂዎች በካርቶን አድርጌ አዳራሹ ጥግ አስቀመጥኩ፤ በዓመቱ ምስጥ በልቶ ጨረሳቸው።

ክፍሉ ነፍስ ዘራ። ልጆቹ መጠየቅ ጀመሩ። ከሁሉም በላይ የምትጠይቀው ማርታ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሼ ጴጥሮስ ከከምባታ የመጡ የእርሻው የውሃ ሞተር ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል። እናቷ እትዬ ጥሩነሽ የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወጥተው ጋሼ ጴጥሮስን ሲያገቡ ዘመዶቻቸው ተቀይመዋቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። ማርታ ብቸኛ ልጃቸው ናት። አንድ ቀን ማርታ የጠፋውን በግ የሚያሳየውን ካርድ ይዛ፣ «ዘጠና ዘጠኙን ትቷቸው ሲሄድ ማን ጠበቃቸው?» አለችኝ። ይህን ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ በማግኘቴ ኮራሁ።

ስልሳውን መልስ ከእኔ በፊት ጨርሳ ታውቅ ነበር። በቃል መያዙ አሁን እንደማይፈለግ ነገርኳት።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ማርታና አምስት ልጆች የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ተቀበሉ። ካህኑ ቀድሰው፣ ልጆቹ ዘምረው፣ እኔ ወረቀቴን አንብቤ ጨረስኩ። ሰው ግን አልተነሣም። ሁሉም እንደ ተቀመጠ ወደ ፊት ያያል። ከፊት ወንበር እትዬ ጥሩነሽ ተነሡ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ያልበራ ጧፍ ይዘዋል። ማርታ ወደ እናቷ አየች፤ ቀጥሎ ወደ እኔ አየች። የሚሆነውን አላወቅሁም። ሁሉም እኔን የሚያይ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። «ጨርሰናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» አልኩ። እትዬ ጥሩነሽ ለትንሽ ጊዜ እንደ ቆሙ ቆዩ። ከዚያ ጧፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ተቀመጡ። ካህኑ በዚያ ዓመት አዲስ የተመደቡ ስለነበሩ እሳቸውም አላወቁም።

በሚቀጥለው እሑድ ማርታ ከክፍል በኋላ ቀርታ፣ «መምህርት፣ እናቴ መቼ ነው የምትጠየቀው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አልገባኝም ማለት ግን አፈርኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ነኝ። «እንነጋገርበታለን» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሌሎቹ እናቶችም ዝም አሉ። ግዕዙ ወደ አማርኛ ሲለወጥ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር፤ ይህም ከላይ ተለውጦ ይሆናል ብለው ተቀበሉ። እነሱ እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ፤ እኔም ላለማፈር ዝም አልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ። ከዚያ በበሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። በመጨረሻ የሚመጡት ካህኑ ሲመጡ ብቻ ሆነ። የማሾ እህል አጨዳ ነው፣ ሙቀቱ ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት እሰጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጋሼ ተክላይ አገራቸው ማረፋቸውን ሰማን። ማርታ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ እንደ ብዙዎቹ የመንደሩ ልጃገረዶች በደላላ በኩል ቤሩት ሄደች። ልትሰናበተኝ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ስለ እናቷ ምንም አላለችም።

በስድስተኛው ዓመቴ እትዬ ጥሩነሽ ወባ ይዟቸው ሰነበቱ። ልጠይቃቸው መሄድ የግድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያቸው ስደርስ ድምፅ ሰማሁና ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። እትዬ ጥሩነሽ ጥላ ስር ተቀምጠው በሰፌድ ማሾ ይለቅማሉ። ብቻቸውን ናቸው። «ዛሬ ጠዋት ማን አነቃሽ?» ይላሉ። ዝም ይላሉ፤ እጃቸው ብቻ ይሠራል። መልስ የሚያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። «የበላሽውን ማን አበቀለው?» ደግሞ ዝምታ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የማርታን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። መምጣቴን ላሳውቅ ሳልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ሳይዞሩ፣ «ጋሼ ተክላይ?» አሉ።

ከዚያ ዞረው አዩኝና በራሳቸው ሳቁ። «ወባው ነው ልጄ። ሙት ያስጠራኛል። ነይ ግቢ።»

ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሾርባ ይዘው መጡ። በጀውሃ ገበያ ሽንኩርት የሚነግዱ፣ ቀልደኛ ሴት ናቸው። አንድም ቀን አናግረውኝ አያውቁም፤ ሁሉንም ነገር ግን ያውቁ ነበር።

«አንቺ ነሽ መምህርቷ?» አሉኝ። «ስድስት ዓመት እዚህ ሰፈር ኖረሽ ይህን ደጃፍ ገና ዛሬ ረገጥሽው። የኛ ኡስታዝ እንኳ አልፎ ሲሄድ ደጅ ላይ ሰላም ይላል።»

እትዬ ጥሩነሽ፣ «ተያት ዘይነባ» አሉ።

«ምን ተያት ትይኛለሽ። አንቺ አፍሽን ይዘሽ ቁጭ ብለሽ እኮ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሚ እንግዲህ። ያ ሽማግሌያችሁ ጥያቄውን ለእናት፣ መልሱን ለልጅ ነበር የሚሰጠው። እናት ማታ ትጠይቃለች፣ ልጅ ትመልሳለች። እሱ አጥር ጥግ ቆሞ ይሰማል፤ ሲሳሳቱ ይስላል። እኔ በአጥር እየሰማሁ፣ ወላሂ፣ ስልሳውንም አውቀዋለሁ፤ ካቶሊክ የሆንኩ መስሎኝ የደነገጥኩበት ቀን አለ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ጨርሳ የቆረበች ቀን ደግሞ ይገለበጣል። እሷ ትጠይቃለች፣ እናቷ በሰው ሁሉ ፊት ትመልሳለች። ልጅቷ ጧፉን ታበራላታለች። እናትየው ከዚያ በፊት ካልቆረበች ያን ቀን ትቆርባለች። እሷ» ብለው በአገጫቸው እትዬ ጥሩነሽን ጠቆሙ፣ «ለዚያ ቀን ነጠላ ገዝታ ነበር።»

ከክፍል ውስጥ ያየሁት ጉድለት ጉድለት አልነበረም። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት፣ ተምረውም የሚጨርሱበት መንገድ ነበር። ያለ እናት ልጅ አይጨርስም፤ ያለ ልጅ እናት አትጨርስም።

«ለምን አልነገሩኝም እትዬ?» አልኳቸው።

«እንነጋገርበታለን ብለሻል ብላ ማርታ ነገረችኝ» አሉ፣ ማሾውን እየነፉ። «ጠበቅኩ።»

ዓይኔን ከእሳቸው ወደ ጣሪያው አሸሸሁ። ከራሴ በላይ፣ ከጣሪያው ማገር መሐል፣ በጨርቅ የታሰረ ጧፍ ተሰክቷል። የቆላው ሙቀት አጉብጦት መንጠቆ መስሏል።

በማግሥቱ ካርዶቹን አወጣሁ። እርጥብ ጨርቅ ሥዕሉ ላይ አኑሬ ትንሽ ቆይቼ ከጥጉ መላጥ ጀመርኩ። ከጠፋው በግ ሥዕል ሥር ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ወጣ። ከመልካሙ ሳምራዊ ሥር ግማሽ ገጽ፤ ሌላው ግማሽ በመቀሴ ሌላ ካርድ ላይ ሄዷል። ፊደሉ በሙጫው ደብዝዟል፤ የተገላበጠ ሥዕል የያዘም አለ። በሦስት ሳምንት አርባ ያህሉን አገኘሁ። ለቀሩት እትዬ ጥሩነሽ ቤት መሄድ ነበረብኝ።

በየቀኑ እየሄድኩ በሰፌዱ ማዶ እቀመጥ ነበር። እሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። መልሱ ሲያስቸግረኝ እትዬ ዘይነባ ከአጥር ማዶ ሆነው ይናገራሉ። አንዴ በጣም ስለተጨነቅሁ ጥያቄውን በአክብሮት ቀይሬ፣ «ዛሬ ጠዋት ማን አነቃዎ?» ብዬ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። «ጋሼ ተክላይ እንዲህ ብለው አልጻፉም። ልጅ ናት እናቷን የምትጠይቅ።» በእነዚያ ሳምንታት ከሰባቱ ዓመት ሁሉ የበለጠ ተማርኩ። መብላትም ተማርኩ፤ ሰው እያየኝ።

ስልሳኛው ጥያቄ ካርዶቹ ላይ አልተገኘም። ምስጥ ከበላቸው መካከል ነው መሰለኝ። እትዬ ጥሩነሽ ነገሩኝ። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» ነው። ልጅ ስትሆን መልሱ «እናቴ፣ እየጠየቀችኝ» ነው። በሚገለበጥበት ቀን እናት የምትመልሰው «ልጄ፣ እየመለሰችልኝ» ነው። ሁለቱንም በደብተሬ ጻፍኩ።

ለካህኑ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ጥሩነሽን ጠርተው፣ «ማንም አልከለከለዎትም እኮ። ትምህርቱን ያውቁታል፤ በሚቀጥለው ወር ይቅረቡ» አሏቸው። እትዬ ጥሩነሽ የካህኑን እጅ ሳሙ።

«አባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ግን ልጄ ሳትጠይቀኝ ምን ብዬ እቀርባለሁ? በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ነበረች። ብመጣ ከእሷ ጋር ነው።»

ካህኑ አልተከራከሩም።

ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቼ ለማርታ ላክሁላት። መልስ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስልኩን የምታገኘው አሠሪዋ ሲፈቅዱ ብቻ እንደሆነ፣ በካህኑ እሑድ ለመደወል እንደምትሞክር ጻፈች። የመጀመሪያው ወር አልደወለችም። ሁለተኛውም አልሆነ። በሦስተኛው ወር ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ተቀመጠ ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እትዬ ጥሩነሽ ጧፋቸውን ይዘው ቀረቡ። ማርታ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። የሆነ ቦታ ውሃ ይፈስሳል፤ ዕቃ እያጠበች መሰለኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት ማን አነቃሽ?»

«የማያንቀላፋው።»

ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ጨብጠው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ሄደች። እትዬ ጥሩነሽ ሳያመነቱ ይመልሳሉ፤ ጀርባቸው ቀና ብሏል። እስከ አሥራ አንደኛው ደረሱ።

«ከቤት የራቀውን እግዚአብሔር ያየዋል?»

«ከቅርቡ እኩል ያየዋል።»

ከዚያ ወዲያ የተሰማው በዐረብኛ የሚናገር የሴት ድምፅ ነው። መስመሩ ተቋረጠ። የመጨረሻዋን መልስ ማርታ ትስማ አትስማ አላወቅንም። እትዬ ጥሩነሽ አሥራ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ቆመው ነበር። እኔም ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። ጋሼ ተክላይ ቢኖሩ ወደ መስኮቱ ይዞሩ ነበር። እኔም ዞርኩ።

ማርታ ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ሌላ ቤት ተዛውራለች ያለ ሰው አለ፤ እርግጠኛውን የሚያውቅ የለም። እኔ የምልካቸው መልእክቶች አይደርሱም።

በሰባተኛው ዓመት ጽሕፈት ቤቱ የሥራ መደቡን አጠፈው። ካህኑ በሁለት ወር አንዴ እንዲመጡ፣ ትምህርቱን የመዘምራኑ ወጣቶች በተራ እንዲሰጡ ተወሰነ። ከመሄዴ በፊት የጻፍኩትን ደብተር በአምስት ቅጂ አባዝቼ ለአምስት እናቶች ሰጠሁ። ልጆቻቸው ያነቡላቸዋል። ሦስቱ ጀምረዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ጊዜ የለንም አሉኝ፤ ልጆቻቸው በቴሌቪዥን የሚዘመረውን ይወዳሉ። ማንንም ልወቅስ አልችልም። ይህን ክር የበጠስኩት እኔ ነኝ፤ አሁን የምቋጥረው ቋጠሮ ይያዝ አይያዝ አላውቅም።

በመጨረሻው ቀኔ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድኩ። በዚያ ወር ሰውነታቸው በጣም ቀንሶ ነበር፤ ማሾውን የሚለቅሙት ተኝተው፣ ሰፌዱን ሆዳቸው ላይ አድርገው ነው። እትዬ ዘይነባ እግራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ጀመሩልኝ።

«ከአሥራ ሁለት ጠይቂኝ» አሉ። «ሳልረሳው።»

ደብተሩን አወጣሁና ጠየቅኋቸው። አንድም አልተሳሳቱም። አንዳንዱን እኔ አንብቤ ሳልጨርስ ይመልሱ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ አብረው ይመልሳሉ። ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ገጹን ገለበጥኩ።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን ከሰፌዱ አንስተው ደብተሩ ላይ አኖሩት።

«እሱን ተዪው» አሉ። «እሱ የማርታ ነው።»

ደብተሩን ዘጋሁት። እትዬ ዘይነባ ተነሥተው፣ ጧፉ ከማገሩ እንዳይወድቅ በጣታቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።